ማገጡን አትንቀሉት

ለአዲስ አበባ ከተማ የአረንጓዴ ቦታና የወንዝ ዳር ልማት ኃላፊዎች፣ መናፈሻ ለምትነድፉ ባለሙያዎች፣ በየሰፈሩ ሣር ለምትኮተኩቱ አትክልተኞች

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ትንሽ አበባ ነው። ስሙ ማገጥ ነው። እኔ ባደግሁበት በደብረ ብርሃን ዙሪያ እንዲህ ነው የምንለው። በኦሮምኛ ሲዲሳ ይባላል። ስሙን ባታውቁትም አበባውን አይታችሁታል። ክረምት ወጥቶ ሜዳ ላይ ስትቀመጡ፣ ከሣሩ መሀል የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ አበባ ብቅ ይላል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ነው። በየቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ ምልክት አለው፤ አንድ ሰው በጠመኔ ጫር ያደረገበት ይመስላል። ቁመቱ ከቁርጭምጭሚት ብዙም አያልፍም።

ለምን ዛሬ እንደምጽፍ ልንገራችሁ።

ቤቴ ከቀበና ወንዝ ብዙ አይርቅም። ከቤቴ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ ረጠብ ያለ ቦታ ነበር። ከዳገቱ ሥር ውሃ ይወጣል። ምንጭ የሚባል አይደለም። ዝም ብሎ አፈሩን ያርሰዋል። በጋ ሲሆን ዙሪያው ሁሉ ይደርቃል፤ እሱ ግን አይደርቅም። ማገጡ እዚያ ምንጣፍ ሆኖ ነበር። ጓሮዬ ውስጥ ሁለት ቀፎ አለኝ። ንቦቼ ከጥቅምት በኋላ አብዛኛውን ቀን የሚውሉት እዚያ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ሥራ ተቋራጭ መጣ። ሠራተኞቹ ትጉ ነበሩ። በሦስት ቀን ጨረሱት። ማገጡን በዶማ ከነሥሩ አነሱት። ረግረጉን ድንጋይና ቀይ አፈር ሞሉበት። ከላይ በጭነት መኪና የመጣ ምንጣፍ ሣር አነጠፉ። አንዱን ወጣት ጠጋ ብዬ፣ «ይሄ ምን አጥፍቶ ነው የሚነቀለው?» አልኩት። «አረም ነው ማዘር» አለኝ። በአክብሮት ነው የመለሰልኝ። አልተቀየምኩትም። ማንም አልነገረውም።

ጥር ላይ አዲሱ ሣር ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቦቴ እየመጣ ያጠጣው ጀመር። አስቡት እስቲ። መሬቱ ራሱ ውሃ ይሰጥ የነበረበት ቦታ ነው። አሁን ውሃ በመኪና ይመጣለታል። ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ይህ ደብዳቤ የተጀመረው ያን ቦቴ ቆሜ ሳይ ነው።

ሰው ለመክሰስ አልጻፍኩም። ከተማችን ወንዟን ልታጸዳ፣ ዳር ዳሩን ልታለማ መነሳቷ ደስ ብሎኛል። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ይለማል ሲባል፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በላይ የተደሰትኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ቀበና ዳር ማለፍ አፍንጫ ይዞ መሮጥ የሆነበትን ዘመን አሳልፌያለሁና። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስታለሙ፣ እዚያው የነበረውን አትንቀሉት። ከጠፋም መልሳችሁ ትከሉት።

ስለ አበባው ትንሽ ላጫውታችሁ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሥነ ሕይወት አስተምሬያለሁና ነገሩን አሳጥሬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ማገጥ አንድ ተክል አይደለም፤ ቤተሰብ ነው። በሳይንሱ ስም ትሪፎሊየም ይባላል፤ ሦስት ቅጠል ማለት ነው። በአገራችን ደጋዎች ላይ ከ20 በላይ ዝርያዎች ይበቅላሉ። አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት በቅለው፣ በመስከረምና በጥቅምት አብበው፣ ዘራቸውን ጥለው የሚሞቱ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ዓመት ከዓመት ይኖራሉ። እኔ የምለምናችሁ ከእነዚህ ስለ አንዱ ነው፤ ሙሉ ስሙ ትሪፎሊየም ሴሚፒሎሰም ነው። ሴሚፒሎሰም ግማሽ ጸጉራም ማለት ነው።

ስሙ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰሜንና ወደ ጎንደር ሄዶ ብዙ ተክል አድርቆ ወሰደ። ፍሬሴንየስ የተባለ የፍራንክፈርት ሊቅ ደግሞ እነዚያን ተክሎች እየመረመረ ስም አወጣላቸው። ስሞቹን ስታነቡ ደስ ይላል። አንዱ ማገጥ ትሪፎሊየም ሲሜንሴ ነው፤ በሰሜን ተራራ ተሰየመ። ሌላው ትሪፎሊየም ቴምቤንሴ ነው፤ በትግራይ ተምቤን። ብዙ ቆይቶ ደግሞ በአርሲው ጭላሎ ተራራ ስም የተጠራ መጣ። በዓለም ላይ ያለ የእጽዋት ተማሪ ሁሉ እነዚህን ስሞች ሲያነብ የኛን አገር ተራራዎች እየጠራ ነው። እኛ ደግሞ በገዛ ደጃችን «አረም» እንለዋለን።

ለአየርላንዶች የማገጥ ዘመድ የሆነች ሦስት ቅጠል የአገራቸው ምልክት ናት። በቅዱስ ፓትሪክ ቀን ደረታቸው ላይ ይሰኳታል። ቅዱሱ ምሥጢረ ሥላሴን ያስተማረው በእሷ ነው ብለው ያምናሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ሣሩ ላይ ተቀምጬ ያደግሁ ልጅ፣ ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ለረጅም ጊዜ ፈገግ ብዬ ቆየሁ።

ወደ ተክሉ ልመለስ። ሴሚፒሎሰም ቁመት አይጨምርም። ግንዱ መሬት ለመሬት ይሳባል። ባለፈበት ሁሉ ከየአንጓው ሥር ይሰዳል። ስለዚህ አንዱን ቢረግጡት ሌላው አለ። ማጨጃ ቢያልፍበት አይሞትም፤ ሣር ሲያጥር እንዲያውም ብርሃን ያገኛል። ከመሀል ደግሞ አንድ ጠለቅ ያለ ዋና ሥር አለው። በጋ ላይ የሚያቆየው እሱ ነው። ላይ ላዩ ቢጠወልግም ዝናብ ነካ ሲያደርገው ተመልሶ ይመጣል። የአዲስ አበባን ከፍታ ይወደዋል። ቅዝቃዜዋን ይወደዋል። ጥቁሩን አፈር፣ ውሃ የሚቋጥረውን ዋልካ፣ ሌላ አበባ የሚሸሸውን፣ የማገጥ ዘመዶች ይችሉታል። እዚሁ ነው የተፈጠሩት።

የማስተምር ጊዜ ተማሪዎቼን በጥቅምት ወደ ሜዳ አወጣቸው ነበር። አንድ የማገጥ ሥር በጥንቃቄ ከነአፈሩ አንስተን በባልዲ ውሃ እናጥበዋለን። ሥሩ ላይ የጤፍ ፍሬ፣ አንዳንዴም የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ እባጮች ተደርድረዋል። ልጆቹ «በሽታ ይዞታል» ይላሉ። አንዷን እባጭ በጥፍር እንሰነጥቃታለን። ውስጧ ሮዝ ነው። ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነች ማለት ነው። እዚያች እባጭ ውስጥ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከአየር ላይ ናይትሮጅን ይዘው ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል። ተክሉ ደግሞ ስኳር ይሰጣቸዋል። ገበሬ በኩንታል ዩሪያ ገዝቶ የሚጨምረውን ነገር፣ ማገጥ በጓሮው ያመርታል ማለት ነው። ቅጠሉና ሥሩ ሲበሰብስ ለጎረቤቱ ሣርም ይተርፋል። ማገጥ ያለበት ሣር ለምን ጠቆር ያለ አረንጓዴ እንደሚሆን አሁን ገባችሁ።

እንግዲህ ይህን ወደ ሥራችሁ አምጡት። የመናፈሻ ሣር ማዳበሪያ ይፈልጋል። ማገጥ ያለበት ሣር ግን እርስ በርሱ ይመጋገባል። አውስትራሊያውያን ይህን ቀድመውን አወቁ። የሴሚፒሎሰምን ዘር ከኬንያ ወስደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «ሳፋሪ» የሚል ስም ሰጡት፤ ለወተት ላሞች ግጦሽ ከኪኩዩ ሣር ጋር ይዘሩታል። ኪኩዩ ሣርም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ልጅ ነው። ሁለቱ አብረው ያደጉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ውቅያኖስ ተሻግረውም አብረው ይኖራሉ።

እዚህ ላይ አንድ የባለሙያ ምሥጢር አለ፤ ልብ በሉልኝ። የአፍሪካ ማገጦች ባክቴሪያቸውን ይመርጣሉ። የአውሮፓውን ነጭ ማገጥ የሚያገለግለው ባክቴሪያ ለኛው አይሠራም። አውስትራሊያውያን ለሳፋሪ የራሱን ባክቴሪያ አብረው ካልሰጡት አልሆነላቸውም። ለኛ ግን ይህ ችግር አይደለም። ባክቴሪያው እዚሁ አፈራችን ውስጥ ነው። ማገጥን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ስታዛውሩ ከነአፈሩ አዛውሩት። አንድ እፍኝ አፈር ይበቃል። ከሌላ ቦታ የመጣ ቀይ አፈር ላይ ብቻውን ከተከላችሁት ግን ገርጥቶ ሲቀር «ድሮም አይሆንም ብለን ነበር» ትሉ ይሆናል። ያኔ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

ስለ ንብ ደግሞ ልንገራችሁ። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ከተማ ውስጥ ያለን ንብ አርቢዎችም ቁጥራችን ቀላል አይደለም። የከተማ ንብ ግን ትቸገራለች። አደይ አበባ መስከረምን አድምቆ ጥቅምት ላይ ይሄዳል። ባህር ዛፉ ሲያብብ ጥሩ ነው፤ ግን በየሰፈሩ የለም። በመሀል ያለውን ጊዜ የሚሞላው ማገጥ ነው። አበባው ትንሽ ነች ብላችሁ አትናቋት። አንዷ ቁልፍ ስትሉ የምታዩት ብዙ ቀጫጭን አበቦች ተሰብስበው ነው። የእያንዳንዷ ጉሮሮ አጭር ስለሆነ የንብ ምላስ ወለላው ላይ በቀላሉ ይደርሳል። ንቧ ከጎበኘቻት በኋላ ትንሿ አበባ ወደ ታች ትታጠፋለች። ያልተጎበኘችው ቀና ብላ ትጠብቃለች። ቁጭ ብላችሁ ብታዩት ያስገርማል። የታጠፉትን በመቁጠር ብቻ ንብ ስንት ጊዜ እንደመጣች ታውቃላችሁ። ልጅ ሆነን እኛም ቀና ያሉትን እየነቀስን ነጩን ጫፍ እንመጥ ነበር። ይጣፍጣል።

ጠባዩን ሁሉ ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል። ማገጥ ከብት ይነፋል። ታላቅ ወንድሜና እኔ ከብት እንጠብቅ ነበር። ጥቅምት ሲገባ አባታችን ማለዳ ማለዳ፣ «ጤዛው ሳይረግፍ ማገጡ ላይ እንዳትለቋቸው» ይለናል። አንድ ቀን ጨዋታ ያዘን። ቦራ የምንለው በሬያችን ጠግቦ በላ። ሳንቆይ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተወጠረ። መተንፈስ አቃተው። ወንድሜ እያለቀሰ ሮጠ። አባቴ የኑግ ዘይት በጠርሙስ ይዞ መጣ፤ አፉን ከፍቶ አጠጣው፤ ሽቅብ እየነዳ አስኬደው። እስኪያገሳ ድረስ ማናችንም አልተነፈስንም። ቦራ ዳነ። እኔ ግን ማገጥን ከዚያን ቀን ጀምሮ በክብር ነው የማየው። እርጥብ ማገጥ ብቻውን በባዶ ሆድ አደገኛ ነው፤ ከሣር ጋር ተቀላቅሎ ወይም ደርቆ እንደ ድርቆሽ ሲሰጥ ግን ደህና መኖ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ የሚያሰጋው የዓመት በዓል ሰሞን በየሜዳው የሚሰማሩትን በጎች ነው። በግ ነጋዴዎቹ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ስለሆኑ ከኔ በላይ ያውቁታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ዋናው ጉዳይ ርጥበቱ ነው።

ጨፌ የምንለው ውሃ የማይለየውን ለምለም መስክ ነው። ደስ የሚል ቃል ነው። በገዳ ሥርዓት ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክረው እንዲህ ባለ መስክ ላይ ስለነበር፣ የኦሮሚያ ምክር ቤት ዛሬም ጨፌ ይባላል። ለበዓል ዋዜማ የምንገዛው፣ ቤታችን ውስጥ የምንጎዘጉዘው፣ ቡናው ሲፈላ የሚሸተን ቄጠማ የሚታጨደው ከረግረግ ነው። ማገጥም፣ ቄጠማም፣ እንቁራሪትም፣ ያ ጎህ ሲቀድ ከሰማይ እየጮኸ አልፎ ሣር ላይ የሚያርፈው፣ በረጅም ማንቁሩ ትል የሚለቅመው ወፍም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቤታቸው ርጥብ መሬት ነው።

ርጥብ መሬት ግን በኛ ዘንድ መልካም ስም የለውም። «ጭቃ ነው» ይባላል። «ውሃ ያዘለ ነው፣ ለግንባታ አይሆንም» ይባላል። ድሮ ገበሬውም ቢሆን ረግረግ አላስቀመጠም፤ ባህር ዛፍ ተከለበት። ባህር ዛፉ በአፄ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፤ ውለታው አይረሳም። ግን የጠጣው ጨፌ ብዙ ነው። አሁን ደግሞ ሙሌት መጣ። አንድ ገልባጭ መኪና ድንጋይ ስንት ዘመን የኖረ መስክ በአንድ ከሰዓት ይደፍናል።

ጭቃ የምንለው መሬት ሥራ አለው። ሐምሌ ላይ ዳገቱን ይዞ የሚወርደውን ጎርፍ ይቀበላል። ያቆየዋል። ቀስ እያለ ለወንዙ ይሰጠዋል። የወንዙ ዳር ሁሉ ድንጋይና ሲሚንቶ ከሆነ ግን ውሃው የሚያርፍበት የለውም፤ ቀጥ ብሎ ታች ሰፈር ይገባል። እናንተ መሐንዲሶች ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የምጨምረው፣ መሬቱ ርጥብ ሆኖ ሲቆይ ማን እንደሚኖርበት ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን አድርጉ ነው የምለው?

መጀመሪያ፣ ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ቦታውን በእግራችሁ ዙሩት። ወሩን ምረጡ። በመጋቢት ብትሄዱ ደረቅ ሣርና ፌስታል ነው የምታዩት። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ ሂዱ። ማገጡ ራሱ ያሳያችኋል። ነጭ ነጭ ያለበትን፣ እግራችሁ ሲረግጥ ቸፍ ቸፍ የሚለውን ቦታ በኖራ ክበቡት። ያ ክብ አይነካ። መንገዱን በጎኑ አሳልፉት። ከእንጨት ትንሽ መሸጋገሪያ ብታደርጉበት ልጆች ይወዱታል። አንድ የሰፈር ርጥብ ቦታ እኮ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ግቢ አይሰፋም። ብዙ አልጠየቅኩም።

ማገጡ ቀድሞ በጠፋበት ቦታ ደግሞ ትከሉት። አዲስ ሣር የምታነጥፉ ከሆነ በመሀሉ አስገቡት። ወቅቱ ሐምሌ መጀመሪያ ነው። ከአንድ ጤነኛ ማገጥ ላይ ሥር የሰደደ አንጓ ከነአፈሩ በአካፋ ታነሳላችሁ። የእጅ መዳፍ የሚያህል ይበቃል። በየክንዱ ርቀት ሣሩ መሀል ትቀብሩታላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ተገናኝቶ ታገኙታላችሁ። ከዘር መጀመርም ይቻላል። ዘሩ ግን ቆዳው ድንጋይ ነው፤ ውሃ አያስገባም። ከደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በሁለት መዳፍ ካላሻችሁት ግማሹ ሳይበቅል ይከርማል። እናቴ ይህን አታውቅም ነበር፤ ከብት በልቶ በእበቱ የዘራው ቶሎ እንደሚበቅል ግን ታውቅ ነበር። ነገሩ አንድ ነው።

ሣር አጨዳውን በተመለከተ፣ ለአትክልተኞቹ ነው የምነግራችሁ። ማጨጃውን መሬት አታስልሱት። አራት ጣት ከፍ አድርጉት። መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ ማገጥ ያለበትን ክፍል ተዉት። ያብብ። ንቧም ትብላ፣ እሱም ዘሩን ይጣል። ከዚያ እጨዱት። ሌላ ዓይነት ሥራ አይጨምርባችሁም፤ እንዲያውም ሁለት ወር ያሳርፋችኋል። ቱፎርዲ የሚባለውን ፀረ አረም ግን ሣር ላይ አትርጩ። ሣሩን ይተውና ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ይመታል። ማገጡም አብሮ ነው የሚመታው።

ሰሌዳም ብታቆሙልን ደስ ይለኛል። ትንሽ ሰሌዳ፣ ልጅ በሚያነብበት ከፍታ። ስሙን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሳይንሱ ጻፉበት። ባለፈው ሰሞን አንድ መናፈሻ ውስጥ የልጅ ልጄን ይዤ ዞርኩ። ጽጌረዳ ስሟ ተጽፎ አየሁ። ከውጭ የመጣ ዘንባባም ስሙ ተጽፎለታል። ልጅቷ አንድ ማገጥ ከአስፋልቱ ጠርዝ በቅሎ አግኝታ፣ «የሱስ ስም የታለ?» አለችኝ። እኔ ነገርኳት። አያት የሌላቸውን ልጆች ማን ይነግራቸዋል?

ባለሙያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ የእጽዋት ማዕከል፣ ሄርባሪየም የሚባለው፣ የአገራችንን ማገጦች ሁሉ አድርቆ በየስማቸው አስቀምጧል። የኢትዮጵያና የኤርትራን እጽዋት በሙሉ የመዘገበው ትልቁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው በዚያ ነው። የባቄላና የማገጥ ወገን የሆኑት ያሉበት ቅጽ በ1989 ወጥቷል። የእጽዋት ማዕከል ጉለሌ ላይ አለን፤ አገር በቀል ተክል ማባዛት ሥራው ነው። ጉርድ ሾላ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ድሮ ኢልካ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በደጋው እየዞረ የማገጥ ዘር ሰብስቧል፤ ዛሬም በዘር ባንኩ በቅዝቃዜ ያስቀምጠዋል። ማገጥ ዋልካ አፈር ላይ ምን ያህል መኖ እንደሚሰጥ፣ ትንሽ ፎስፈረስ ሲያገኝ እንዴት እንደሚመነደግ ያጠኑት እነሱ ናቸው። ሆለታ ደግሞ የንብ ምርምር ማዕከል አለ። አራቱም ከናንተ ቢሮ በመኪና ከግማሽ ቀን ያነሰ መንገድ ናቸው። ስልክ ብትደውሉ ደስ ብሏቸው የሚመጡ ሰዎች እንዳሉባቸው አልጠራጠርም። የአንድ ተክል ሰው ስለ ተክሉ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚደሰት እኔ አውቃለሁ።

የሚነሳ ቅሬታም አለ፤ ቀድሜ ልመልስ። «ንብ ልጅ ትነድፋለች» ይባላል። እውነት ነው፣ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ሊነደፍ ይችላል። ስለዚህ ኳስ ሜዳውና መጫወቻው ላይ አትትከሉት። ወንዝ ዳሩን፣ ተዳፋቱን፣ ከዛፍ ውጭ ያለውን ርጥብ ጥግ ስጡት። ጥላ ስለማይወድ ዛፍ ሥር ብትተክሉትም አያምርም። «ያልተስተካከለ፣ የተተወ ይመስላል» የሚሉም አሉ። ለዚህ አንድ መፍትሔ ሠርቶ አይቻለሁ። ዳር ዳሩን አንድ ክንድ ያህል በንጽሕና እጨዱት። መሀሉን ለማገጡ ተዉት። ሰው የታጨደውን ጠርዝ ሲያይ ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑ ይገባዋል። ቆሞም ያያል። በደንብ ያበበ ማገጥ በጥቅምት ፀሐይ ያየ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይጠይቅም።

በየዓመቱ በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ እንተክላለን፤ እኔም ወጥቼ ተክያለሁ። የሚቆጠረው ግን ዛፍ ነው። ሣር መሀል ያለ ነገር አይቆጠርም፣ ፎቶ አይነሳም። ለዚህ ነው ማገጥ ሲነቀል ማንም ጠፋ የማይለው። ቢያንስ እናንተ በሥራ ዝርዝራችሁ ውስጥ አንድ መስመር ስጡት። «አረም ማጽዳት» ከሚለው ሥር፣ «ማገጥን ሳይጨምር» የሚል ሁለት ቃል ብትጨምሩ፣ ያ ወጣት ዶማውን ከማንሳቱ በፊት ያነበዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሠራተኞቹ ወንዝ ዳሩን በቆፈሩ በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ሥራ ሲፈቱ፣ ሳፋ ይዤ ወረድኩ። ከተነቀለው ክምር ውስጥ ሥሩ ገና ርጥብ የሆነውን መረጥኩ። ከነአፈሩ አንድ ሳፋ ሞላሁ። ጓሮዬ ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ውሃ በሚያልፍበት ዳር አስቀመጥኩት። ሁለት ሳምንት ጠወለገ። ከዚያ ቀና አለ። ዛሬ ስድስት ሳፋ ሆኗል። ኅዳር ላይ ንቦቼ መጥተውበት ነበር፤ የታጠፉትን አበቦች ቆጥሬያለሁ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የሚተከልበት ቦታ አሳዩኝ። ያው የቀበናው ቦታ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሙሌቱ ሥር ውሃው አሁንም ይወጣል፣ ጠርዙ ላይ አፈሩ ሲያለቅስ አያለሁ። ስድስቱንም ሳፋ ከነአፈሩ አመጣለሁ። አካፋም አለኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ የሥነ ሕይወት መምህርት
አዲስ አበባ